ሜካኒካል ወይስ ኤሮስፔስ? እዚህ ወይስ ውጭ? ከአዲስ አበባ ዳርቻ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ለሚመርጡ

ይህ መመሪያ በሜካኒካል ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን፣ ዱከም ወይም ሰበታ ለሚኖሩ ነው፤ ምናልባትም እዚያው ፋብሪካ ውስጥ እየሠሩ ቀጣዩን ዲግሪ ለሚያስቡ። ብዙ ሰው «ኤሮስፔስ ልማር ወይስ ሜካኒካል?» ብሎ ከዲግሪው ስም ይጀምራል። መቅደም ያለበት ግን የምትመራመሩበት ችግር ነው። ቀጥሎ ችግሩን የሚያውቅ አማካሪና በእጅ የሚፈተሽበት ላቦራቶሪ ይፈለጋል፤ የዲግሪው ስም ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። በዚህ ሚዛን ከዚህ አካባቢ ለሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያዋጣው ሜካኒካል ተምሮ የተሲሱን (የመመረቂያ ጥናቱን) ርዕስ ወደ አየር ወይም ወደ ሕዋ መሳብ ነው። ኤሮስፔስ የሚሻልበት ሁኔታም አለ፤ እሱንም ከነምክንያቱ እናነሳለን።

ሁለቱ የት ላይ ይለያያሉ?

ግንዱ አንድ ነው። ከፍተኛ ሒሳብ፣ የፈሳሽና የጋዝ ፍሰት፣ የጠጣር አካላት መካኒክስ፣ ፋይናይት ኤለመንትና ኮንትሮል ሁለቱም ጋ ይሰጣሉ። ለዚህም ነው ፕሪንስተን፣ ኮርኔል፣ ዩሲኤልኤና ኦሃዮ ስቴት ሁለቱን ሙያዎች በአንድ የትምህርት ክፍል ያቀፉት። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ኤሮስፔስ ከድምፅ የፈጠነ ፍሰትን፣ የበረራ ዳይናሚክስን፣ የምሕዋር መካኒክስን፣ ክንፍ በነፋስ ጉልበት የሚርገበገብበትን ኤሮኢላስቲሲቲና የጄትና የሮኬት ሞተሮችን ይጨምራል። ሜካኒካል ደግሞ የሙቀት ዝውውርን፣ የማሽን ዲዛይንን፣ የመፋተግና የመበላት ጥናትን፣ ንዝረትንና ማኑፋክቸሪንግን ያሰፋል።

እዚህ አገር ሥራ ሲፈለግ ልዩነቱ ይጎላል። የአየር መንገዱ የጥገና ሃንጋር ብዙ መሐንዲስ ይቀጥራል። ነገር ግን አውሮፕላን «ለበረራ ብቁ ነው» ብሎ የሚፈርመው የጥገና ባለሙያ ፈቃድ ያለው ሰው ነው፤ ማስተርስም ሆነ ፒኤችዲ ያንን ፈቃድ አይተካም። አውሮፕላን በእጁ መጠገን የሚፈልግ ሰው መንገዱ የአቪዬሽን ጥገና ሥልጠና ነው፣ የድኅረ ምረቃ ትምህርት አይደለም። ይህን ሳያውቁ ሁለት ዓመት የሚያጠፉ ስላሉ ነው አስቀድመን የምንናገረው። በሕዋው በኩል ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን፣ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነውን ኢቲአርኤስኤስ 1ን፣ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና አምጥቃለች፤ የምድር ጣቢያውም እንጦጦ ላይ ነው። ዘርፉ እውነተኛ ነው፣ የሚቀጥረው ሰው ግን ጥቂት ነው። በሌላ በኩል ከቃሊቲ እስከ ዱከም ያሉት ፋብሪካዎች፣ የቃሊቲው የቀላል ባቡር ዴፖ፣ ከሰበታ ተነስቶ ጅቡቲ የሚደርሰው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መስመር፣ የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎችና የውኃ ተርባይኖች ሁሉ ሜካኒካል መሐንዲስ ይፈልጋሉ።

ስለዚህ ኤሮስፔስ የሚመረጠው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ የምትፈልጉት ችግር ከሜካኒካል ክፍል ውስጥ የማይገኝ ሲሆን፤ ለምሳሌ የምሕዋር ስሌት ወይም የበረራ ቁጥጥር። ሁለተኛ፣ ሙሉ ወጪው በሌላ ሲሸፈን። ሦስተኛ፣ ከምረቃ በኋላ የምትሠሩበት አገር የውጭ ዜጋን በዚህ ሙያ የሚቀጥር ሲሆን። ከሦስቱ ብዙ ሰው የሚወድቀው በሦስተኛው ላይ ነው።

የኤክስፖርት ሕግ፦ ሰነዱ ሳይሞላ መታወቅ ያለበት

አሜሪካ የጦር መሣሪያና ተያያዥ ቴክኖሎጂ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የምትቆጣጠርበት አይታር የሚባል ደንብ አላት። በደንቡ መሠረት ቴክኒካዊ መረጃን አሜሪካ ውስጥ ላለ የውጭ ዜጋ ማሳየት ራሱ ወደዚያ ሰው አገር እንደመላክ ይቆጠራል። ኢትዮጵያ ደግሞ በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. ደንቡ ልዩ ገደብ ከሚጥልባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ተጨምራለች። የሮኬት ሞተር አካል፣ የወታደራዊ ጄት ሞተር፣ የሚሳይልና ከድምፅ አምስት እጥፍ በላይ የሚፈጥን በረራ ሥራዎች በደንቡ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ይዘጋሉ። አሜሪካዊ፣ ቋሚ ነዋሪ ወይም በስደተኝነት የታወቀ ሰው ግን እንደ «አሜሪካዊ ሰው» ስለሚቆጠር ክልከላው አይነካውም።

ይህ ማለት በሩ ሁሉ ዝግ ነው ማለት አይደለም። ውጤቱ ያለ ገደብ እንዲታተም የታሰበ መሠረታዊ ምርምር ከቁጥጥሩ ውጭ ነው። የተናወጠ (ተርቡለንት) ፍሰት፣ የቃጠሎ ፊዚክስ፣ የኮምፖዚት (ቃጫና ሙጫ ተዋህደው የሚሠራ ቁስ) ስብራት፣ የኮንትሮል ንድፈ ሐሳብና የምሕዋር ስሌት በአብዛኛው ክፍት ናቸው። ለፕሮፌሰር በምትጽፉት የመጀመሪያ ደብዳቤ ላይ ሳይሆን፣ ፍላጎት አሳይቶ ሲመልስላችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ፕሮጀክቱ የኅትመት ገደብ አለበት ወይ? የሚሠሩት «አሜሪካዊ ሰዎች» ብቻ እንዲሆኑ የገንዘቡ ምንጭ ይጠይቃል ወይ? ጥያቄው ነውር የለውም፤ ፕሮፌሰሮች ለምደውታል። ሳይጠይቁ የገቡ ተማሪዎች ላይ የሚደርሰው፣ በሁለተኛው ዓመት ከቡድኑ ዋና ፕሮጀክት ተገልሎ ርዕስ መቀየር ነው።

ሥራ ፍለጋም ላይ እንዲሁ። በሳይንስና ምህንድስና የተመረቀ የውጭ ተማሪ አሜሪካ ውስጥ 12 ወር፣ ከዚያም ተጨማሪ 24 ወር የሥራ ልምምድ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል። ኤሮስፔስ ብቻ ያጠና ሰው በዚያ ጊዜ የሚያመለክትባቸው ብዙዎቹ ኩባንያዎች ያለ ልዩ ፈቃድ ሊቀጥሩት አይችሉም። ሜካኒካል ያጠናው ግን ወደ መኪና፣ ወደ ኃይል፣ ወደ ሕክምና መሣሪያና ወደ ቺፕ ማምረቻ ፋብሪካ ይዞራል። ከመግቢያው ላይ ሜካኒካልን ያስቀደምንበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

እዚህ ሆኖ መማር፦ ቂሊንጦ፣ አምስት ኪሎ ወይስ አዳማ?

በ2011 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቂሊንጦ ነው፤ ለቱሉ ዲምቱና ለኮዬ ነዋሪ ቅርብ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አምስት ኪሎ ነው። ሦስተኛው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። ፈጣን መንገዱ ቱሉ ዲምቱ ስለሚጀምር፣ ለገላንና ለዱከም ሰው አዳማ መመላለስ በጠዋት ከተማውን አቋርጦ አምስት ኪሎ ከመድረስ ያነሰ ድካም ሊሆን ይችላል። ለሰበታ ሰው ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። መንገድ ቀላል ነገር አይደለም፦ በሳምንት አራት ቀን አራት ሰዓት መንገድ ላይ ማሳለፍ በአንድ ሴሚስተር ከ200 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ይህ የአንድ ሙሉ ኮርስ የጥናት ጊዜ ነው።

መደበኛው ማስተርስ ሁለት ዓመት ነው። አንዱ ዓመት ኮርስ፣ ሌላው ተሲስ። የማታና የቅዳሜ እሑድ መርሐ ግብር ሥራ ሳይለቁ ለመማር ያስችላል፤ ጊዜው ግን ይረዝማል፤ ላቦራቶሪውም ቅዳሜ ላይ ቴክኒሻን ላይኖረው ይችላል። ርዕሳችሁ ሙከራ የሚጠይቅ ከሆነ መደበኛውን ምረጡ፤ ስሌት ብቻ ከሆነ የቅዳሜው ይበቃል። በሁለቱም መንገድ ለመግባት አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል።

ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስዳችሁ ላቦራቶሪውን በዓይናችሁ እዩ። የመጎተቻ መፈተሻ ማሽኑ ስንት ኪሎ ኒውተን ይችላል? ለመጨረሻ ጊዜ ልኬቱ የተረጋገጠው መቼ ነው? የሚነበበው በኮምፒዩተር ነው ወይስ በመርፌ? የነፋስ ዋሻ ካለ የመፈተሻ ክፍሉን ስፋት ለኩ። 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ስፋቱ 900 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሞዴሉ ፍሰቱን እንዳያፍን ፊቱ ከዚያ 5 በመቶ፣ ማለትም 45 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ እንዳያልፍ ይመከራል። ይህ ከእጅ መዳፍ ያነሰ ነው፤ «የመኪና ሞዴል እፈትሻለሁ» ያለ ሰው ሐሳቡን እዚያው ያስተካክላል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ለላቦራቶሪው ይደርሳል ወይስ ለቢሮ ብቻ? ቴክኒሻኑን ስሙን ሳይሆን የሚሠራበትን ሰዓት ጠይቁት። ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ተሲሶች ግለጡ። በፎቶ የሚታየው መሣሪያ የግቢው ነው ወይስ ከሌላ ቦታ የተወሰደ? ብዙዎቹ ሌላ ተቋም ሄደው የፈተሹ ከሆነ እናንተም ትሄዳላችሁና ጊዜና ገንዘብ መድቡ።

የአማካሪ ምርጫም ከዚሁ ጋር ነው። በአንድ ጊዜ ዐሥር ተማሪ የያዘ አማካሪ፣ ስሙ ቢገንም፣ ረቂቃችሁን በሁለት ሳምንት አንብቦ አይመልስም።

ስሌት ወይስ ሙከራ? የተሲስ ርዕስ ሲመረጥ

ብዙ ተሲስ የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ከሁሉ በፊት ከፍታውን አስቡ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ነው፤ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት የአየሩ እፍጋት በሜትር ኩብ 0.91 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ መጽሐፍ ላይ ያለው የባሕር ወለል ቁጥር 1.225 ነው። ሩቡን ያህል አጥተናል ማለት ነው። ውጤቱ በሁሉም ቦታ ይታያል። በአምራቹ ሠንጠረዥ 1 ኪሎ ግራም ይገፋል የተባለ የድሮን ማራገቢያ በዚያው ዙር ፍጥነት እዚህ 740 ግራም ገደማ ይገፋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ውኃም ከ100 ዲግሪ በታች፣ 92 ላይ ይፈላል። ክንፍ ለሚያጠና ደግሞ፦ 20 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ክንፍ በሰከንድ 15 ሜትር ሲሄድ የሬይኖልድስ ቁጥሩ (የፍሰቱን ጠባይ የሚያሳየው ቁጥር) ባሕር ወለል ላይ 205,000፣ እዚህ 150,000 ገደማ ነው። በዚህ ክልል አየሩ ከክንፉ ገጽ ለቆ ተመልሶ ይጣበቃል፤ ይህን የማይቆጥር ሙሉ በሙሉ የተናወጠ ፍሰት ሞዴል ድራጉን (የአየር ተቃውሞውን) ያሳስታል። ፍሰቱ ከረጋ ወደ ተናወጠ ሲለወጥ የሚቆጥር የሽግግር ሞዴል ተጠቀሙ። ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ሌላው የሚያጣውን፣ እናንተ ግን በር ላይ ያላችሁን የምርምር ርዕስ ይሰጣል፤ በከፍታ ላይ የሚሠራ ሞተር፣ ማራገቢያና ማቀዝቀዣ።

የፍሰት ስሌት ለሚመርጡ፦ ኦፕንፎምና ኤስዩ2 የተባሉት የስሌት ፕሮግራሞች ነፃ ናቸው፣ የሴል (ፍሰቱ የሚከፈልበት የመረብ ክፍል) ገደብም የለባቸውም። ለአንድ ሚሊዮን ሴል ከ1 እስከ 2 ጊጋባይት ራም ያዙ፤ 16 ጊጋባይት ያለው ላፕቶፕ ለማስተርስ ደረጃ ሥራ ይበቃል። ከላይ ላለው ክንፍ ከገጹ የሚነሳው የመጀመሪያው ሴል ቁመት 0.025 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት፤ በዓይን ግምት የተሠራ መረብ ከዚህ ዐሥር እጥፍ ይወፍራልና የአየሩን ፍትጊያ በትክክል አያነብም። ናካ 0012 የተባለውን መደበኛ የክንፍ ቅርጽ መጀመሪያ አስሉና ከታተመው የሙከራ ውጤት ጋር አነጻጽሩ፤ ከዚያ ብቻ ወደ ራሳችሁ ቅርጽ እለፉ። የሴላቸው መጠን በተለያየ ሦስት መረቦች ስሌቱን ደግሙ። እነዚህ ሁለቱ የሌሉት ስሌት ተሲሱን በምትከላከሉበት (ዲፌንስ) ቀን መጀመሪያ የሚጠየቅበት ነው። መብራት በድንገት ስለሚጠፋ ስሌቱ በየ200 ዙሩ ራሱን እንዲያስቀምጥ አድርጉ፤ የሦስት ቀን ሥራ በአንድ ሌሊት የሚጠፋው በዚህ ቸልታ ነው።

ሙከራ ለሚመርጡ፣ በእንሰት ቃጫና በሲሳል የተሠራ ኮምፖዚት በጣም የተለመደ ርዕስ ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ተደጋግሟል፤ «ጥንካሬውን ለካሁ» ብቻ አዲስ ነገር አይደለም። ቁሱ በተደጋጋሚ ጭነት የሚደክምበትን ሁኔታ፣ እርጥበትን ወይም መገጣጠሚያን ብታጠኑ ይሻላል። ኤኤስቲኤም ዲ 3039 በተባለው የኮምፖዚት መጎተቻ ፈተና መስፈርት መሠረት ለእያንዳንዱ ሁኔታ ቢያንስ 5 ናሙና ይፈተሻል። አራት ሁኔታ ካላችሁ 20 ናሙና ነው፤ ከመያዣው ሥር የሚሰበሩት ስለሚጣሉ 28 ሥሩ። ዋናው ስህተት ቃጫውን በካስቲክ ሶዳ ካጠቡ በኋላ በደንብ አለማድረቅ ነው። የቀረው እርጥበት በሙጫው ውስጥ አረፋ ይፈጥራል፤ ናሙናውም ከዚያ ይሰነጠቃል። ቅርጽ ማውጫውን ቃሊቲ ወይም መርካቶ ቶርኖ ቤት ልታሠሩ ትችላላችሁ፤ ስዕሉ ላይ የተፈቀደውን ልዩነት በሚሊ ሜትር ካልጻፋችሁ ግን ባለሙያው በልምዱ ይሠራዋል፣ ገጹም አይገጥምም።

ድሮን ሠርቶ ማብረር የሚማርክ ርዕስ ነው። ለማስገባትም ለማብረርም ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አካባቢው ለአየር ማረፊያና ለጦር ሠፈር ቅርብ ስለሆነ ቶሎ አይገኝም። ፈቃዱ በእጅ ሳይገባ ፕሮፖዛሉን በበረራ ላይ አትመሥርቱ። ማራገቢያውን በቋሚ መፈተሻ ላይ አስሮ ግፊቱን በሎድ ሴል (የኃይል መለኪያ) መለካት ፈቃድ የማይጠብቅ፣ ያው የከፍታው ጥያቄ የሚመለስበት ሥራ ነው።

ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ተሲስ ሌላው ጥሩ አማራጭ ነው፦ የኮምፕረሰር የአየር ብክነት፣ የቦይለር ሙቀት፣ የባቡር ጎማ መበላት። የትብብር ደብዳቤውን ከዩኒቨርሲቲው ወስዳችሁ የፋብሪካውን የጽሑፍ መልስ ከፕሮፖዛሉ በፊት ያዙ። በቃል «ችግር የለም» ያለ ሥራ አስኪያጅ ሲቀየር ተሲሱም አብሮ ይቆማል።

ውጭ ለመማር፦ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

አሜሪካ ውስጥ ማስተርስ በአብዛኛው በራስ ወጪ ነው፤ ፒኤችዲ ግን ክፍያው ተሸፍኖ የወር ገንዘብ ይሰጣል፤ ተማሪው በምላሹ በማስተማር ወይም በምርምር ይረዳል። ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለፒኤችዲ ማመልከት ይቻላል። ስለዚህ አምስት ዓመት ለመቆየት የወሰነ ሰው ማስተርስን ከኪሱ ከፍሎ መጀመሩ አያዋጣውም። ማመልከቻው የሚዘጋው ከኅዳር 22 እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው፤ ገንዘብ ያለበትን ዕድል ለመቀበል ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተስማሙበት የመጨረሻ ቀን ሚያዝያ 7 ነው። ጂአርኢ የሚባለው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ብዙ ቦታ ቀርቷል፤ የሚጠይቁትን ለይታችሁ 220 ዶላሩን አድኑ። የማመልከቻ ክፍያ ነፃ እንዲደረግላችሁ በኢሜይል ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል።

ጀርመን የትምህርት ክፍያ የለም ይባላል፤ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። በኤሮስፔስ ስማቸው የሚነሳው ሁለቱ ይከፈልባቸዋል፦ ሽቱትጋርት በሴሚስተር 1,500 ዩሮ፣ የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ በሴሚስተር ከ4,000 እስከ 6,000 ዩሮ። አኽን፣ ብራውንሽቫይግና ድሬስደን ግን የሴሚስተር መዋጮ ብቻ ይጠይቃሉ። ብዙዎቹ የኤሮስፔስ መርሐ ግብሮች በጀርመንኛ ናቸው፤ በእንግሊዝኛ የሚሰጠው በሜካኒካል በኩል ይበዛል። ለቪዛ በዝግ ሒሳብ 11,904 ዩሮ ማሳየት ያስፈልጋል፤ በወር 992 ዩሮ ብቻ ይለቀቃል። ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለውና ከተመረቀ ስድስት ዓመት ያልሞላው ሰው የዳድን (የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት) የልማት ስኮላርሺፕ ይመልከት፤ ዱከም ፋብሪካ ውስጥ የተሠራው ሥራ እዚህ ላይ ዋጋ አለው።

የአውሮፓ ኅብረት የኢራስመስ ሙንዱስ ማስተርስ ስኮላርሺፕ ክፍያውን ሸፍኖ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ይመዘገባል፣ ውድድሩም ከባድ ነው። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ አብዛኛውን ጊዜ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ክፍት ነው። ትንንሽ ሳተላይት በእጁ መሥራት የሚፈልግ ሰው የጃፓኑን ኪዩሹ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይመልከት፤ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ የሕዋ ምህንድስና ትምህርት አለው። ቀደም ብለን «ኤሮስፔስ የሚያዋጣበት» ካልናቸው ሦስት ነጥቦች ውስጥ የመጀመሪያውን የሚያሟላው እንዲህ ዓይነቱ ነው።

ሰነዶች

ስም ከሁሉ በላይ ያስቸግራል። ዲግሪው ላይ ያለው የላቲን ፊደል አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ፊደል እንኳን ከተለየ ከማመልከት በፊት አስተካክሉ። የአባትና የአያት ስም በየፎርሙ እየተቀያየረ እንዳይገባ ፓስፖርቱ ላይ ባለው ቅደም ተከተል ብቻ ሙሉ።

ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ወደ ውጭ ለማስላክ የወጪ መጋራት ዕዳውን መጨረስ አለበት። ከፍሎ፣ ማረጋገጫ አውጥቶ፣ ሬጅስትራር ወረፋ ጠብቆ የሚደርስበትን ጊዜ ቢያንስ ሁለት ወር ቁጠሩ። ለኅዳር ማመልከቻ መስከረም ላይ መጀመር ዘግይቷል፤ ሐምሌ ላይ ጀምሩ፣ ክረምት ላይ የሚዘጉ ቢሮዎችም እንዳሉ አስቡ።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁ መምህራን የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል እንዲጠቀሙ ለምኗቸው፤ በጂሜይል የመጣ ደብዳቤ ብዙ ቦታ በጥርጣሬ ይታያል። የመጫኛው ሊንክ ብዙ ጊዜ አላስፈላጊ መልእክቶች ማኅደር ውስጥ ይወድቃል። ማመልከቻውን ባስገባችሁበት ቀን ደውሉላቸው፤ የመጨረሻው ቀን ሊደርስ ዐሥር ቀን ሲቀረው አንድ ጊዜ፣ ሦስት ቀን ሲቀረው ደግሞ በአካል ሄዳችሁ አስታውሷቸው። ሦስት ደብዳቤ ከተጠየቀ አራት ሰው ለምኑ።